እናቴ ዳነች፣ ሳቋ ግን አልተመለሰም

ጥያቄ፦

«ሰላም እትዬ። ዓምድዎን ሁሌ አነባለሁ፣ ዛሬ ግን የራሴን ልጽፍልዎ ነው። 34 ዓመቴ ነው፣ የምኖረው አዲስ አበባ ነው። እናቴ 61 ዓመቷ ነው። የዛሬ ሰባት ወር ስትሮክ መታት። የአንጎል ደም ሥር ተዘግቶ ነው ብለውናል። ግራ እጇና ግራ እግሯ አልታዘዝ ብለዋት ነበር። አሁን፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ያለ ዱላ ትራመዳለች፤ እጇም በደንብ ተመልሷል። ያያት ሁሉ ተአምር ነው ይላል።

እኔ ግን እናቴን አጣኋት። ድሮ ሳቋ ከግቢ ውጭ ይሰማ ነበር። ዛሬ መስኮት ዳር ተቀምጣ ትውላለች። ካላናገሯት አትናገርም። ምግቧን ግማሹን ትታ ትነሳለች። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነቅታ አይኗን አፍጥጣ ታነጋዋለች። ባለፈው እሁድ በራሷ ጊዜ ‹ቡና ላፍላ› አለች። ደስ ብሎኝ ተውኳት። ጀበናው ፈላ፣ ሰከነ፣ ቀዳችው፤ ሲኒው ውስጥ የወረደው ነጭ ውሃ ነው። ቆልታ ወቅጣ ቡናውን ሙቀጫው ውስጥ ትታዋለች። እኔን አየችኝና አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ ወጥ ቤት አላስገባኋትም።

ወንድሜ እርጅና ነው ይላል። አክስቴ ዓይነ ጥላ ነው፣ ጸበል እንውሰዳትና እስከዚያ መድኃኒቱን ታቁም ትላለች። ጅዳ ያለችው እህቴ ለማስታወስ ይረዳል የተባለ ቫይታሚን ልካለች። ፋርማሲ የሚሠራ ዘመዳችን ደግሞ ፍሎክሰቲን ከስትሮክ በኋላ አእምሮን ያድሳል፣ ግዙላት ብሎናል። የእናቴ አእምሮ አበቃለት ማለት ነው? ወይስ ከልቧ አዝና ነው? ግራ ገባኝ።»

መልስ፦

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለቱንም ጊዜ ሲኒው ጋ ስደርስ ቆምኩ።

ከሁሉ በፊት የጠየቅሽኝን ልመልስ። የእናትሽ አእምሮ አላበቃለትም። በደብዳቤ በሽታ አይታወቅም፣ መርምሮ የሚናገረው ሐኪም ነው። ግን የጻፍሽው ነገር ከስትሮክ በኋላ የሚመጣውን ድባቴ በጣም ይመስላል። ከእሱ ጋር ስትሮኩ ራሱ አንጎላቸው ላይ የተወው ጉዳት አለ። ሁለቱ ተደራርበው ነው እናትሽን የጋረዱብሽ። ድባቴው ይታከማል። እሱ ሲነሳ ደግሞ አሁን ጠፋ ካልሽው ነገር ምን ያህሉ ከስሩ እንደሚወጣ ያኔ ታያለሽ። አሁን ላይ ሆኖ «ይሄን ያህል ጠፍቷል» ብሎ መደምደም ግን አይቻልም።

ይህን የምልሽ ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። የኔ አባት የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። በ66 ዓመቱ ስትሮክ መታው። እሱ እንደ እናትሽ ዝም አላለም፤ ይጮህ ነበር። ሻዩ ቀዘቀዘ ብሎ ይጮሃል፣ በር ጮኸ ብሎ ይጮሃል። አንድ ቀን የቴሌቪዥኑን ሪሞት ግድግዳ ላይ ፈጠፈጠው። ጠዋት ጠዋት ጋዜጣ ይይዛል፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመለስ ያው ገጽ ላይ ነው። እኛ «ጠባዩ ተበላሸ» አልን። አንድ ሆስፒታል ወስደነው «ዕድሜው ነው፣ ቻሉት» ተባልን፤ ቻልነው። አንድ ሙሉ ዓመት እንዲሁ ሄደ። ያ ዓመት እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በኋላ ሌላ ቦታ አንዲት የሳይካትሪ ነርስ አገኘችው። አጠገቡ ቁጭ ብላ «አባባ፣ ጠዋት ሲነሱ ለምን ተነሳሁ ይላሉ?» አለችው። አባቴ ሲያለቅስ ያየሁት ያን ቀን ነው። ለካስ ንዴት ያልነው ድባቴ ኖሯል። ሕክምና ጀመረ። ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው አንድ ቀን ጋዜጣውን ገለጠ። ሁለተኛውን ገጽ። እናቴ ከጓዳ በዓይኗ ጠቀሰችኝ፣ ሁለታችንም ትንፍሽ አላልንም።

ሁሉም ነገሩ አልተመለሰም፤ ልዋሽሽ አልፈልግም። የእድሩን ሒሳብ ዳግመኛ አልያዘም። የልጅ ልጁን ግን የማባዛት ሰንጠረዥ ያስጠናው እሱ ነው።

ወደ እናትሽ ልመለስ።

ስትሮክ ከመታቸው ሰዎች ሲሶ ያህሉን ድባቴ ያገኛቸዋል። ይሄ ትንሽ ቁጥር አይደለም። በብዛት የሚመጣው በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሰው ሁሉ «ተርፋለች፣ ተመስገን» ብሎ ጠያቂው ሲቀንስ። ያኔ ሆስፒታሉ አልቋል፣ ፊዚዮቴራፒው አልቋል፣ ሰውየው ከራሱ ጋር ብቻውን ይቀራል። ሐዘኑ እውነተኛ ምክንያት አለው። ግን ሐዘን ብቻ አይደለም። ስትሮክ የሚጎዳው አንጎልን ነው። ስሜትን፣ ፍላጎትን፣ እንቅልፍን የሚያዙት መስመሮች ያሉት ደግሞ እዚያው አንጎል ውስጥ ነው። ስለዚህ «አይዞሽ፣ በርቺ፣ ተመስገን በይ» ብቻውን አይፈታውም። እግራቸው ሽባ ሆኖ ሳለ «በርቺና ተራመጂ» አላላችኋቸውም አይደል? ይሄም እንደዚያው ነው።

አሁን የሴትና የወንድ ነገር ላንሳ፣ ምክንያቱም እናትሽን ሰባት ወር ሙሉ ሰው እንዳያይላቸው ያደረገው እሱ ይመስለኛል። በአብዛኞቹ ጥናቶች ከስትሮክ በኋላ ድባቴ ሴቶችን ከወንዶች ይበልጥ ይይዛል። ሴቶች ስትሮክ የሚመታቸው በአማካይ ከወንዶች ገፋ ባለ ዕድሜ ነው፤ ብዙዎቹ ያኔ ባል ሞቶባቸዋል፣ ብቻቸውን ናቸው፣ ከስትሮኩ በፊትም ጉልበታቸው ደክሟል። ከዚያ በፊት ድባቴ የነበረበት ሰው ደግሞ የበለጠ ይጋለጣል፣ ያም በሴቶች ላይ ይበዛል። ይሄ የጥናቱ ነው። የኛን ቤት ደግሞ እኔና አንቺ እናውቀዋለን። ወንድ ልጅ ሲጮህ ቤቱ ይረበሻል፣ እየቆየም ቢሆን ሐኪም ዘንድ ይወሰዳል። ሴት ዝም ስትል ማን ይረበሻል? «ጨዋ ናት፣ አታስቸግርም» ትባላለች። ብትናገርም የምትናገረው «ራሴን አመመኝ፣ ወገቤን ቆረጠመኝ፣ ልቤ ድክም አለኝ» ብላ ነው። ፓራሲታሞል ይሰጣታል፣ በቃ።

ሌላም አለ። አባቴ ሲታመም እናቴ አጥባ አብልታ ያዘችው፣ ማንም አላመሰገናትም፣ የሚጠበቅባት ነው ተባለ። እናት ስትታመም ግን ቤቱን የያዘችው እሷው ስለነበረች ሁሉ ነገር ይናጋል። እሷም ታየዋለች። ልጇ ከሥራ ደክማ መጥታ ወጥ ስትሠራ ታያለች። «ሸክም ሆንኩ» የሚለው ሐሳብ የሚገባው እዚህ ጋ ነው። እናትሽ ሲኒውን አይተው ሳይሆን አንቺን አይተው ነው ያለቀሱት፤ አንቺው ነሽ የጻፍሽው።

ስለ ለቅሶ ካነሳን አንድ ነገር ልጨምር። ከስትሮክ በኋላ አንዳንድ ሰው ያለ ምክንያት ድንገት ያለቅሳል፣ ወይ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ ይስቃል። ወዲያው ደግሞ ያቆማል። ይህ ስሜትን የሚገታው የአንጎል ፍሬን ሲላላ የሚመጣ ነው፣ ከድባቴ ይለያል፣ ለእሱም መድኃኒት አለው። የእናትሽ ለቅሶ ግን ምክንያት ነበረው። ሆኖም ያለ ምክንያትም የሚያለቅሱ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪው።

አሁን ወደ ጀበናው።

ሰው «መርሳት» ሲል ስም መርሳት፣ ቀን መርሳት ይመስለዋል። ከስትሮክ በኋላ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ሌላ ነገር ነው። አእምሮ ይዘገያል። ሐሳብ አይሰበሰብም። ከሁሉ በላይ ብዙ እርምጃ ያለውን ሥራ በቅደም ተከተል መያዝ ይከብዳል። ቡና ደግሞ ምን ያህል እርምጃ እንዳለው ቆጥረሽ ታውቂያለሽ? ከሰሉ ይቀጣጠላል፣ ቡናው ይታጠባል፣ ይቆላል፣ ጭሱ ይዞራል፣ ይወቀጣል። እየተወቀጠ ጀበናው ላይ ውሃ ይጣዳል። ውሃው ሲፈላ ቡናው ይጨመራል፣ እንዳይገነፍል ይጠበቃል፣ ይወርዳል፣ ይሰክናል፣ ይቀዳል። በዚያ መሐል ፈንዲሻ አለ፣ ሲኒ ማጠብ አለ፣ እንግዳ ማናገር አለ። እናትሽ ከዚህ ሁሉ ያመለጣቸው አንዲት እርምጃ ናት። መቁላት አልጠፋቸውም። መውቀጥ አልጠፋቸውም። እጃቸው ሥራውን ያውቃል። የተበጠሰው ከመውቀጥ ወደ መጨመር የሚያሻግረው ክር ነው። አንቺ ያየሽው የጠፋችውን አንዷን ነው፣ እኔ ያየሁት የቀሩትን ነው።

ድባቴም ይሄንኑ ክር ይበጥሳል። በድባቴ ውስጥ ያለ ሰው፣ ስትሮክ ባይነካውም እንኳ፣ ሐሳቡ አይሰበሰብም፣ ይረሳል፣ ይዘገያል። አንዳንዴ ቤተሰብ «ጃጀ» ብሎ ተስፋ የቆረጠበት ሰው ድባቴው ሲታከም አእምሮው ሲጠራ ይታያል። ስለዚህ የእናትሽ መርሳት ስንቱ የስትሮኩ፣ ስንቱ የድባቴው እንደሆነ ዛሬ ማንም መለየት አይችልም። ወንድምሽ «እርጅና ነው» ሲል የቸኮለው እዚህ ላይ ነው። እርጅና ቀስ እያለ ነው የሚመጣ። የእናትሽ ለውጥ ቀን አለው፤ የዛሬ ሰባት ወር።

ምናልባት የአእምሮ ምርመራ ወረቀት ይሰጧቸው ይሆናል። ሳጥን ሳዪ፣ ሰዓት ሳዪ፣ ቃል ድገሚ የሚል። ጠቃሚ ነው። ግን የትምህርት ነገር ውጤቱን ያዛባዋል። በእናቶቻችን ዘመን ሴት ልጅ ስንት ዓመት ተማረች? እርሳስ ይዛ የማታውቅ ሴት ኪዩብ ሳዪ ብትባል ስትሮክ ባይመታትም ይቸግራታል። ሴቶች በእነዚህ ፈተናዎች ከወንዶች ያነሰ ውጤት ሲያመጡ አንዱ ምክንያት ይሄ ነው፣ ዕድሜም ሌላው ነው። ስለዚህ ለሐኪሙ እናትሽ በፊት ምን ይችሉ እንደነበር አንቺ ንገሪው። የእቁብ ጸሐፊ ነበሩ? የሠላሳ ሰው ሥጋ በዓይናቸው ይመድቡ ነበር? ከትናንት እናትሽ ጋር ነው መለካት ያለባቸው።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ ልቤን ያዘኝ። «ምግቧን ግማሹን ትታ ትነሳለች» ብለሻል። የትኛውን ግማሽ? ግራ ጎናቸው ስለተመታ ስትሮኩ የነካው ቀኙን የአንጎላቸውን ክፍል ነው። ቀኝ አንጎል ሲጎዳ አንዳንድ ሰው ግራ በኩል ያለውን ዓለም ልብ አይለውም። ዓይኑ አይታወርም፣ አንጎሉ ነው «ግራ» የሚባል ነገር መኖሩን የሚረሳው። ዛሬ ማታ ሰሃናቸውን ተመልከቺ። የቀረው እንጀራና ወጥ በግራ በኩል ብቻ ከሆነ፣ ምንም ሳትናገሪ ሰሃኑን ግማሽ ዙር አዙሪው። መብላት ከጀመሩ ምግብ አልጠሉም፤ አላዩትም ነበር። ይህን ሄደሽ ለሐኪሙ በትክክል አስረጂው። ትልቅ ነገር ነው። መንገድ ሲሻገሩ ከግራ የሚመጣውን መኪናም ላያዩ ይችላሉ ማለት ነውና ብቻቸውን አይውጡ። ለጊዜው ስታናግሪያቸው ግራቸውን እየነካሽ፣ «በዚህ በኩል ነኝ» እያልሽ ዞር እንዲሉ አለማምጃቸው። ደግሞ ቀኝ አንጎሉ የተጎዳ ሰው አንዳንዴ ድምፁ ቃና ያጣል፣ ፊቱ ስሜት አያሳይም፣ ሳያዝንም ያዘነ ይመስላል። ስለዚህ ፊታቸውን አይተሽ አትፍረጂ። ጠይቂያቸው።

ምን ብለሽ? አጠገባቸው ተቀመጪ፣ ቴሌቪዥኑን አጥፊ፣ እንዲህ በይ፦ «እማዬ፣ ባለፉት ሁለት ሳምንታት ደስ የሚልሽ ነገር ነበር?» ከዚያ ዝም በይ። አእምሯቸው ስለዘገየ መልሱ ይቆያል። አንቺ አትሙዪላቸው። «መኖር አስጠልቶሽ ያውቃል?» ብለሽም ጠይቂ። ይሄን መጠየቅ ሐሳቡን አይተክልም፤ ተሸክሞት የቆየ ሰው ይገላገላል እንጂ። «አዎ» ካሉሽ፣ ወይም መድኃኒት ማጠራቀም፣ ንብረት ማከፋፈል፣ መሰናበት የሚመስል ነገር ካየሽ፣ ቀጠሮ አትጠብቂ። ያኑ ቀን ሆስፒታል ውሰጃቸው፣ ብቻቸውን አትተያቸው፣ መድኃኒቱን ሁሉ አንቺ ጋ ቆልፊው።

ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ዘጠኝ ጥያቄ ያለው መጠይቅ አለ። ፒኤችኪው 9 ይሉታል። አማርኛው ኢትዮጵያ ውስጥ በሆስፒታል ታካሚዎች ላይ ተፈትሿል። ያለፉትን ሁለት ሳምንታት ይጠይቃል፦ ስሜት፣ ፍላጎት፣ እንቅልፍ፣ ድካም፣ ምግብ፣ ራስን መውቀስ፣ ሐሳብ መሰብሰብ፣ መዝገም ወይም መቅበጥበጥ፣ ሞትን ማሰብ። ከ27 ነጥብ 10ና ከዚያ በላይ ከሆነ ጠበቅ ያለ ምርመራ ያስፈልጋል ማለት ነው። ድካምና እንቅልፍ ማጣት ስትሮኩም ብቻውን ያመጣቸዋል፣ ስለዚህ ነጥቡን የሚተረጉመው ባለሙያ ይሁን። አማኑኤል ሆስፒታል በዚህ ሙያ የታወቀ ነው። አክስትሽ «አማኑኤል ወሰደቻት» የሚለውን ወሬ ከፈራች፣ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው አጠቃላይ ሆስፒታልም አለ፤ የሳይካትሪ ነርሶችም በብዙ ሆስፒታል አሉ። ለወሬ ብለሽ አትዘግዪ ብቻ። ስትሄጂ የደም ማነስ፣ የታይሮይድና የቫይታሚን ቢ12 ምርመራ እንዲያዩላቸው ጠይቂ፣ እነሱም አእምሮን ያፈዛሉ። ሌሊት በኃይል የሚያንኮራፉ፣ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ የሚል ከሆነም ተናገሪ።

የዘመድሽ ፍሎክሰቲን። የድባቴ መድኃኒት ነው። ሐሳቡ ከሜዳ አልመጣም። አንድ ጊዜ ፈረንሳይ የተሠራ ትንሽ ጥናት ተስፋ ሰጥቶ ነበር። በኋላ እንግሊዝ ውስጥ ከ3,000 በላይ ስትሮክ የመታቸው ሰዎች ላይ ተሞከረ፣ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ወጣ። ለስድስት ወር ፍሎክሰቲን የወሰዱት ካልወሰዱት የተሻለ አላገገሙም። ድባቴ የያዛቸው ሰዎች ቁጥር ቀንሷል፣ የአጥንት ስብራት ግን ጨምሯል። እና ለአእምሮ ማደሻ ተብሎ ለሁሉም የሚሰጥ አይደለም። ድባቴ መኖሩ ከተረጋገጠ ግን ያው መድኃኒት ወይም መሰሉ በጣም ሊጠቅም ይችላል። ልዩነቱ ይሄ ነው። እናትሽ ደም ሥራቸው ስለተዘጋ አስፕሪን ሳይወስዱ አይቀሩም፤ ከዚህ ዓይነት መድኃኒት ጋር ሲሆን የመድማት ዕድሉ ስለሚጨምር ሐኪሙ የሚወስዱትን በሙሉ ማወቅ አለበት። የመድኃኒቶቹን ካርቶን በፌስታል ይዘሽ ሂጂ። አሚትሪፕቲሊን የሚባለው የድባቴ መድኃኒት ከታዘዘ ደግሞ ሌላ አማራጭ ይኖር እንደሆነ ጠይቂ፤ ገፋ ባለ ዕድሜ ላይ አእምሮን ሊያደበዝዝ፣ የልብ ምትም ሊያዛባ ይችላል።

የድባቴ መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ኪኒን አይደለም። ሁለት፣ ሦስት ሳምንት ምንም ላይታይ ይችላል። ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚያ ላይ ነው። ሲሻላቸውም ወራት ይቀጥላል፣ የሚቆመውም በሐኪም፣ ቀስ እየተባለ ነው። ከመድኃኒቱ ጋር የሚያናግራቸው ባለሙያ ካገኛችሁ እሰየው። በየቀኑ አብሮ መራመድም ትንሽ ነገር አይደለም።

ጸበሉ። አክስትሽን አትጣዪ። እናትሽ ጸበል የሚወዱ ከሆነ ውሰጃቸው፤ ከቤት መውጣታቸው፣ ከሰው መቀላቀላቸው ራሱ ይጠቅማቸዋል። መድኃኒቱ ግን አንድ ቀን አይቁም። የደም ግፊት መድኃኒት ያቋረጠ ሰው ሁለተኛ ስትሮክ ደጁ ላይ ነው። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ ሕሙማን መድኃኒታቸውን ከጸበሉ ጋር አብረው እንዲወስዱ በይፋ ተናግረዋል። ይህን ለአክስትሽ ንገሪያት። የንስሐ አባታቸውም ቢነግሯት ጥሩ ነው፣ ከኔና ካንቺ ይልቅ እሳቸውን ትሰማለች።

ቫይታሚኑን ለሐኪሙ አሳዪው። እህትሽ ከሰው ቤት ለፍታ የላከችው ነውና አትውቀሻት። ግን በሚቀጥለው በዚያ ገንዘብ ጥሩ የግፊት መለኪያ ትላክ። የሚለካው ቁጥር በአብዛኛው ከ130/80 በታች እንዲሆን ነው የሚፈለገው፣ የእናትሽን ልክ ሐኪማቸው ይወስናል። እህትሽ በቪዲዮ ስትደውል ደግሞ «እንዴት ነሽ፣ ደህና ነሽ?» ብቻ አትበል። «እማዬ፣ የዶሮ ወጥ ሽንኩርቱ ስንት ሰዓት ይቁላላ?» ብላ ትጠይቃቸው። የሚጠየቅ ሰው ሲሆኑ ታያላችሁ።

ወጥ ቤቱን እባክሽ ክፈቺላቸው። እንዳይቃጠሉ ፈርተሽ እንደሆነ ይገባኛል፣ ፍራቻሽ ትክክል ነው። ግን ቡናን መከልከል የቀረውን ክር መበጠስ ነው። ሥራውን ከፋፍይው። እሁድ አንቺ ከሰሉን አቀጣጥዪ፣ የፈላውን ጀበና አንቺ ያዢ። እሳቸው ይቁሉ፣ ይውቀጡ። ጎረቤት አትጥሪ፣ ሬዲዮ አትክፈቺ፣ ወሬ አታብዢ። ወቅጠው ሲጨርሱ ፈጥነሽ «ጨምሪው» አትበያቸው። ትንሽ ጠብቂ። ካላስታወሱ «እማዬ፣ ቀጥሎ ምንድን ነው?» በይ። የተወቀጠውን ቡና ጀበናው አጠገብ፣ ወደ ቀኝ በኩል አስቀምጪው። ስልካቸው ላይ ሳይሆን ትልቅ ወረቀት ላይ የዕለቱን ነገር ጻፊላቸው፣ ማንበብ ካልቻሉ ሥዕል ይሁን፦ መድኃኒት፣ ቁርስ፣ የእግር መንገድ። በየቀኑ አንድ ዓይነት ሰዓት። የደከመ አንጎል ድግግሞሽ ይወዳል። ከሥራው በኋላ በጣም ቢደክማቸው አትደንግጪ፤ ከስትሮክ በኋላ ያለ ድካም በእንቅልፍ ብቻ የሚወጣ አይደለም። ከባዱን ነገር ጠዋት አድርጉት።

ሰባት ወር ዘግይቷል ወይ ብለሽ ሳትጨነቂ አትቀሪም። ፈጣኑ ለውጥ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ወራት ነው፣ እውነት ነው። ከዚያ በኋላ ግን በሩ አይዘጋም። በተለይ ድባቴው እስካሁን ያልታከመ ሰው ገና ያልተሞከረ ነገር አለው።

ይሄን ደግሞ ለሁላችሁም ነው የምጽፈው። ፊታቸው በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጃቸው ወደ ታች ከወደቀ፣ ንግግራቸው ከተኮላተፈ፣ «ትንሽ ይረፉ» አይባልም። ሰዓቱን ያዙና ወዲያው ሆስፒታል። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ስልካችሁ ላይ ዛሬ መዝግቡት።

አንቺስ? በደብዳቤሽ ውስጥ ስለራስሽ የጻፍሽው ዕድሜሽንና ከተማሽን ብቻ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት የሚነቁት እናትሽ ከሆኑ፣ መንቃታቸውን ያወቅሽው አንቺም ነቅተሽ ነው። ወንድምሽ «እርጅና ነው» ማለት ከቻለ ቅዳሜን ሙሉ ከእናቱ ጋር መዋልም ይችላል። ንገሪው፤ ወንድ ልጅ እናቱን ሰሃን አዙሮ ማብላት አያቅተውም። አባቴን በመጨረሻ የሚያጥበው ወንድሜ ነበር። አባቴም ከሴት ልጁ ይልቅ በእሱ እጅ ሲሆን አይሳቀቅም ነበር። ይህን ቀድመን ብናውቅ ኖሮ ስንት ጩኸት በቀረልን።

ሐኪሙ ያለሽን ጻፊልኝ። ከዚያ በፊት ግን የሰሃኑን ነገር ቶሎ አሳውቂኝ፤ ዛሬ ማታ የቀረው በየትኛው በኩል እንደሆነ።